ሰክሮ አያውቅም፣ ግን ጠዋት እጁ ይንቀጠቀጣል። ሱስ ነው?

ታናሽ_እህት፦
ሰላም ናችሁ? እስከዛሬ አንባቢ ብቻ ነበርኩ፣ ዛሬ ግን ጨንቆኛል። ስለ ታላቅ ወንድሜ ነው። 41 ዓመቱ ነው፣ የሂሳብ ሠራተኛ ነው፣ ከሥራ ቀረ ሲባል ሰምቼ አላውቅም። ማታ ሲወጣ ሰፈር ያለች ግሮሰሪ ይገባል። አምስት ስድስት ጃምቦ ይጠጣል፣ ጂን ይደርብበታል፣ ከዛ መኪናውን ነድቶ መጥቶ በሩን ቀስ ብሎ ከፍቶ "እንዴት አመሻችሁ" ብሎ ይገባል። አይንገዳገድም። አይሳደብም። ጓደኞቹ "እሱ እኮ ይችላል" ይላሉ፣ ያውም በኩራት።

ባለፈው ወር ጠዋት ሻይ ስሰጠው ብርጭቆውን በሁለት እጁ ያዘው። ግማሹ ፈሰሰ። አየኝ፣ አየሁት፣ ዝም ተባባልን። ቅዳሜ ደግሞ መኪናውን ሳጸዳ ከወንበሩ ስር ጠፍጣፋ የጂን ጠርሙስ አገኘሁ፣ ግማሽ ደርሷል። ቁርስ መብላት ትቷል። ጥርሱን ሲቦርሽ ያስመልሰዋል። እግሬን ይደነዝዘኛል ይላል።

ስናገረው መልሱ አንድ ነው፦ "ሱሰኛ ብሆን ሁዳዴን 55 ቀን እንዴት አቆማለሁ?" እውነቱን ነው፣ ያቆም ነበር። ዘንድሮ ግን ሁለተኛው ሳምንት ላይ "ብርዱ" ብሎ ጀመረ። እማዬ ዓይነ ጥላ ነው፣ ጠበል እንውሰደው ትላለች። እኔ ያለውን ጠርሙስ ሁሉ ደፍቼ፣ የቤቱን ቁልፍ ደብቄ ከቤት እንዳይወጣ ልከለክለው አስቤያለሁ። አካበድኩ እንዴ?

የቀድሞ_ጃምቦ፦
አላካበድሽም። እኔም "ይችላል" የምባል ነበርኩ፣ አሁን አራት ዓመት ሆነኝ ካቆምኩ። መቻል ማለት ምን እንደሆነ ማንም አልነገረኝም ነበር። አንጎል ለምዶታል ማለት ነው፣ ሌላ ምንም አይደለም። ድሮ በሁለት ቢራ ሞቅ ይለው የነበረ ሰው ዛሬ ስድስት ጠጥቶ ምንም ካልመሰለው ጠንካራ ሆኖ አይደለም። ጉበቱ ስድስቱንም ይቆጥራል።

እኔን የጀመረኝ ጨብሲ ነው። ከሰዓት ጫት፣ ማታ ምርቃናውን ለመስበር ሁለት ቢራ፣ ከዛ አራት፣ ከዛ ጫቱን ተውኩትና ጨብሲው ብቻውን ቀረ። ስለ ሁዳዴ የሚለውን ደግሞ አውቀዋለሁ፣ ራሴም ብዬዋለሁ። ግን ትንሣኤ ሌሊት ቅዳሴ ቆሜ ስንት ጊዜ ሰዓት እንዳየሁ እኔና አምላኬ ነን የምናውቀው። ዶሮውን አልነበረም የናፈቅኩት።

ሰፈሬ_ቄራ፦
ኧረ ተዉት ሰውዬውን! ሠርቶ የሚያድር፣ ማንንም የማይነካ ሰው ማታ ቢጠጣ ምን አለበት? አያቴ 85 ዓመታቸው ድረስ በየቀኑ ጠላቸውን ይጠጡ ነበር፣ አረቄም አይጠፋም። ትንሽ ትንሽ ለልብ ጥሩ ነው ሲባልም ሰምቻለሁ።

የቀድሞ_ጃምቦ፦
አያትህ ጠዋት ሻይ በሁለት እጅ ነበር የሚይዙት?

ሰፈሬ_ቄራ፦
አይ፣ እሱስ አይደለም።

ሲስተር_ነኝ፦
አንብቤ ማለፍ አልቻልኩም። ነርስ ነኝ፣ የአእምሮ ሕክምና ክፍል ሠርቻለሁ። እህቴ፣ ጠርሙሱን እንዳትደፊ። ገና ነው።

ለምን መሰለሽ፣ አልኮል አንጎልን ያረጋጋል። በየቀኑ ሲጠጣ አንጎል ደግሞ ሚዛኑን ለመጠበቅ ራሱን ማነቃቃት ይለምዳል። መጠጡ በድንገት ሲቀር መነቃቃቱ ብቻውን ይቀራል። ከመጨረሻው መጠጥ ስድስት ሰዓት ያህል ካለፈ በኋላ እጅ ይንቀጠቀጣል፣ ያልባል፣ ልብ ይመታል። ወንድምሽ ጠዋት ጠዋት የሚሰማው ይኸው ነው፣ ጠርሙሱም መኪናው ውስጥ ያለው ለዚህ ነው። ጨርሶ ካቆመ በመጀመሪያዎቹ ሁለት ቀናት እንደ ሚጥል በሽታ ሊያንዘፈዝፈው ይችላል። በሁለተኛውና በአራተኛው ቀን መሃል አንዳንዱ ሰው ይቀባዥራል፣ ያተኩሰዋል፣ የሌለ ነገር ያያል። ይሄኔ ነው ቤተሰብ "ያዘው፣ ጮኸ" ብሎ እጁን አስሮ ወደ ጠበል የሚሮጠው። ሰው ይሞትበታል፣ ሳጋንን አይደለም። ጠበሉን እየተቃወምኩ አይደለም፣ እኔም እጠመቃለሁ። ግን መጀመሪያ ሐኪም ይየው። በሐኪም ክትትል ይህ ጊዜ በመድኃኒት ነው የሚታለፈው። ዲያዜፓም ይሰጣል፣ ግን ከፋርማሲ ገዝታችሁ ራሳችሁ እንዳትሰጡት። ከመጠጥ ጋር ከተገናኘ ትንፋሽ ሊያቆም ይችላል።

እግሩን የሚደነዝዘው ነገር ነርቭ ሊሆን ይችላል። ብዙ የሚጠጣ ሰው ምግብ ይቀንሳል፣ የበላውም በደንብ አይዋሃደውም፣ ቫይታሚን ቢ1 ያልቅበታል። እዚህ አንድ ነገር ልጨምር፣ ሁሌ ስለማየው። ሀንጎቨር ሲከብደው ክሊኒክ ገብቶ ግሉኮስ የሚተከል ሰው ሞልቷል። ለረጅም ጊዜ የጠጣና በቅጡ የማይበላ ሰው ከሆነ ቢ1 ሳይሰጠው ግሉኮሱ ብቻ ቢገባ አንጎሉን ሊጎዳው ይችላል። ስለዚህ ለሐኪሙ ስለ መጠጡ በግልጽ ንገሩ። "አልፎ አልፎ ይቀምሳል" እንዳትሉ!

ጉበት ደግሞ ዝምተኛ ነው። ጮማ የያዘ ጉበት ሰውየው ካቆመ በሳምንታት ውስጥ ማገገም ይጀምራል፣ ጠባሳ የሞላው ግን ወደ ነበረበት አይመለስም። የደም ምርመራው ደህና ነው ቢባል እንኳ ነጻ ወጣ ማለት አይደለም። ዓይኑ ቢጫ ከሆነ፣ ሆዱ ከተነፋ፣ ደም ካስመለሰው ቀጥታ ድንገተኛ ክፍል።

ራሱን እንዲያይ ከፈለግሽ ሐኪሞች የሚጠይቋቸው አራት ጥያቄዎች አሉ። መጠጥ መቀነስ አለብኝ ብሎ አስቦ ያውቃል? ሰው ስለ መጠጡ ሲናገረው ይናደዳል? በመጠጡ ተጸጽቶ ያውቃል? ጠዋት እጁን ለማርጋት ወይም ሀንጎቨሩን ለመፍታት ይጠጣል? ሁለቱ "አዎ" ከሆኑ መታየት አለበት። አዲስ አበባ ከሆናችሁ አማኑኤል ሆስፒታል አለ። ሰው "የእብድ ቤት" ስለሚለው ካፈረ የአእምሮ ሕክምና ክፍል ያላቸው ሌሎች ሆስፒታሎችም አሉ።

ሰፈሬ ቄራ፣ ለልብ ጥሩ ነው የሚባለው አርጅቷል። የዓለም ጤና ድርጅት በ2023 እ.ኤ.አ. ለጤና ምንም የማያሰጋ የአልኮል መጠን የለም ብሏል። ካንሰር አምጪ ተብሎ የተመደበው ደግሞ ገና በ1988 እ.ኤ.አ. ነው። እና አረቄን "ትንሽ መለኪያ" እያላችሁ አትናቁት፣ አንዷ መለኪያ ከአንድ ጠርሙስ ቢራ ጋር ትቀራረባለች።

ሚስቱ_የነበርኩ፦
የእኔ አጭር ነው። ለአለቃው እየደወልኩ "ታይፎይድ ይዞት ነው" እል ነበር። በአንድ ዓመት ስንት ጊዜ ታይፎይድ እንደያዘው ብትቆጥሩ ትስቃላችሁ። እኔ በሸፈንኩለት ቁጥር እሱ ችግር የለብኝም ይላል፣ ምን ያድርግ፣ ችግሩን የምውጠው እኔ ነኛ።

ደግሞ "ወጥ ውስጥ ጨምሪለት፣ መጠጥ ያስጠላዋል" ብሎ ክኒን የሚሸጥልሽ አይጠፋም። እኔ ጨምሬ ነበር። ሳያውቅ ጠጣበት፣ ፊቱ እሳት መሰለ፣ ልቡ ሊወጣ ደረሰ፣ ሌሊቱን ሐኪም ቤት አደርን። መድኃኒቱ በሐኪም ይታዘዛል፣ ግን ሰውየው አውቆና ተስማምቶ ነው የሚወስደው። በድብቅ አይሆንም።

ስትናገሪው ማታ አይሁን። ጠዋት፣ ሁለታችሁ ብቻ። "ሰካራም" የምትለዋን ቃል ተያት። ሻዩ እንደፈሰሰ ንገሪው፣ በቃ፣ ያየሽውን።

ታናሽ_እህት፦
ሁላችሁንም አመሰግናለሁ። ጠርሙሱን ወስጄው ነበር፣ መልሼ ከወንበሩ ስር አስቀመጥኩት። ስጽፈው ራሱ ያሳፍረኛል።

ዛሬ ጠዋት ስለ ሻዩ ነገርኩት። ተቆጣ፣ ከዛ ተቀመጠ። ጥያቄዎቹን ከስልኬ አነበብኩለት። የመጀመሪያዎቹን ሁለት "አዎ፣ አዎ፣ ቀጥዪ" አለኝ። ሦስተኛውን ዝም አለ። አራተኛው ላይ "አግኝተሽዋል አይደል?" አለኝ። ማክሰኞ ሐኪም ጋ እንሄዳለን። እማዬም እመጣለሁ ብላለች፣ የጠበል ጀሪካኗን ይዛ።

ሲስተር፣ እስከ ማክሰኞ ይጠጣ ማለት ነው ታዲያ? ግራ ገባኝ።

ሲስተር_ነኝ፦
ግራ ቢገባሽ አይገርምም። አዎ፣ ሐኪም እስኪያየው በድንገት አያቁም፣ ከለመደውም አይጨምር። ምግብ ይብላ። ካንዘፈዘፈው ወይም የሌለ ነገር አየሁ ካለ ማክሰኞን አትጠብቁ፣ በዛው ሰዓት ውሰዱት። ቁልፍ ልደብቅ ያልሽውን ደግሞ ደብቂ፣ ግን የቤቱን አይደለም። የመኪናውን።

ታናሽ_እህት፦
ራሱ ሰጥቶኛል። ቦርሳዬ ውስጥ ነው።