ከኮምቦልቻ ዋሽንግተን ስንት ሰዓት ነው? ለእናቴ ነው

የሆጤዋ፦
ሰላም ለሁላችሁ። እናቴ ግንቦት ላይ ዋሽንግተን ልትሄድ ነው። እህቴ ወልዳለች፣ ልታርሳት ነው። 68 ዓመቷ ነው። ከደሴ ርቃ የሄደችው አዲስ አበባ ድረስ ብቻ ነው፣ እሱም በአውቶቡስ። ጉልበቷን ያማታል፣ ብዙ መቀመጥ አይሆንላትም።

ቲኬቱ ከቦሌ መነሻ 22:45፣ ዳለስ (የዋሽንግተኑ ኤርፖርት) መድረሻ በማግስቱ 08:30 ይላል። ስቆጥረው 9 ሰዓት ከ45 ደቂቃ ነው። ርቀቱ ግን 11,500 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። አውሮፕላኑ በሰዓት 900 ኪሎ ሜትር ቢበር እንኳ ወደ 13 ሰዓት ይፈጃል። ወንድሜ ደግሞ 17 ነው ይላል። የቱን ልመን? ሮም ያርፋል የሚለውስ? ወርዳ ሌላ አውሮፕላን ልትፈልግ ነው? ከአማርኛ ሌላ ቋንቋ አታውቅም። እንቅልፍ አጥቻለሁ።

ሀረጎ፦
ወንድምሽ ልክ ነው። ቲኬት ላይ የሚጻፈው የየአገሩ ሰዓት ነው። ግንቦት ላይ ዋሽንግተን ከኛ በ7 ሰዓት ወደኋላ ናት፤ እነሱ ጋ ብርድ ሲገባ 8 ይሆናል። በቆጠርሽው ላይ 7 ጨምሪበት፣ 16 ሰዓት ከ45 ይመጣል። ደግሞ 22:45 ማለት በኛ ከምሽቱ 4:45 ነው። ለእናትሽ በኛው አቆጣጠር ጻፊላት፣ አደራ።

ሮም የሚያርፈው ለነዳጅ ነው። ቦሌ ከባሕር ወለል ከ2,300 ሜትር በላይ ነው፣ አየሩ ስስ ነው። በስስ አየር ክንፉም ሞተሩም አቅሙ ይቀንሳል። ሰውና ሻንጣ ጭኖ፣ አሜሪካ የሚያደርሰውን ነዳጅ ሁሉ ይዞ መነሳት ይከብደዋል። ዳለስ ግን ከፍታው 100 ሜትር አይሞላም። እዚያ ጢም አድርጎ ሞልቶ ይነሳና አንዴም ሳያርፍ ቦሌ ይገባል። ነፋሱም ያግዘዋል፤ ከምዕራብ ወደ ምሥራቅ ስለሚነፍስ ሲሄዱ ከፊት ይገፋል፣ ሲመለሱ ከኋላ። መመለሻዋ 13 ሰዓት ያህል ነው።

አክስቴ ስትሄድ ማረፊያው ላይ ከመቀመጫዋ አልተነሳችም። ነዳጅ ቀድተው ቀጠሉ።

ቧንቧ ውሃ፦
ዊልቸር አስመዝግቡላት፣ ክፍያ የለውም። የሚገፋት ሰው ኢሚግሬሽኑን አሳልፎ ሻንጣዋ ድረስ ያደርሳታል። እናቴን ያሳረፋት ይኼ ነው። በርበሬና በሶ ከያዘች ስትጠየቅ «ይዣለሁ» ትበል፣ አትደብቅ።

ከኮምቦልቻ ቦሌ በሰማይ 250 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው፣ ከአንድ ሰዓት አይበልጥም። በመኪና ከደሴ 400 ኪሎ ሜትር ነው፣ ጣርማ በርን አቋርጦ። በዚያ ጉልበት አይሞከርም። ግን በዚያው ቀን አታገናኙት። ከደሴ ኮምቦልቻ መውረጃው ሀረጎ ተራራ ላይ ጉም ሲወርድ ታውቂዋለሽ፣ በረራው ሊዘገይ ይችላል። አንድ ቀን ቀድማ አዲስ አበባ ትደር።

የሆጤዋ፦
አላህ ይስጥልኝ፣ ሁለታችሁም። ሮም ላይ አትወርጂም ስላት «አልሐምዱሊላህ» ብላ ቡናዋን አቀራረበች። ከምሽቱ 4:45 የሚለውን በትልቁ ጽፌ ፓስፖርቷ ውስጥ ከትቼዋለሁ። ነገ ፒያሳ ወርጄ ዊልቸሩን አስመዘግባለሁ፣ የኮምቦልቻውንም በረራ በአንድ ቀን አስቀድማለሁ።