ክርክር፦ ተማሪዎችን ወደ ኋላ ያስቀራቸው የተዘጋው በር ነው?

መነሻ፦ እ.ኤ.አ. በ2020 በኮቪድ ምክንያት በመላው ዓለም 1.6 ቢሊዮን ገደማ ተማሪዎች ከትምህርት ገበታ ርቀው ነበር። ዛሬ ለሚታየው ድክመት ዋናው ምክንያት ይህ ነው?

የሂሳብ መምህር፦ ነው እንጂ! በሩ ሲዘጋ አራተኛ ክፍል የነበረች ልጅ ስድስተኛ ክፍል እኔ ዘንድ ደረሰች። ግማሽና ሲሶን ደምሪ ብላት የላዩን ከላይ፣ የታቹን ከታች ደምራ 2/5 ጻፈች። ግማሽ ላይ ጨምራ ከግማሽ ያነሰ ማግኘቷ እንኳን አልከነከናትም። ኔዘርላንድስን እዩ፤ ኢንተርኔት በየቤቱ በገባበት አገር ለስምንት ሳምንታት ብቻ ተዘግቶ፣ ተማሪዎች ወደ ኋላ የቀሩት በትምህርት ዓመቱ አንድ አምስተኛ ያህል ነው። ስምንት ሳምንት ራሱ ከዚያ ብዙም አይበልጥም። እቤት የተማሩት ከምንም አይቆጠርም ማለት ነው።

ተጠራጣሪው፦ መምህር፣ ስዊድንስ? ለታዳጊዎች ትምህርት ቤቶቿን በአብዛኛው ክፍት አድርጋ ሳለ፣ ፒዛ (PISA) በሚባለው ዓለም አቀፍ የተማሪዎች ፈተና የ15 ዓመት ልጆቿ የሂሳብ ውጤት እ.ኤ.አ. ከ2018 እስከ 2022 በ20 ነጥብ ያህል ወርዷል። ሁሉን በኮቪድ ማሳበብ ለትምህርት ሹማምንት ይመቻል።

መምህሩ፦ የስዊድን የታችኛው ክፍል ልጆች ንባባቸው እንዳልተጎዳ አንድ ጥናት ማሳየቱን ለምን ይዘሉታል?

ነርስ፦ ያኔ ክትባት አልነበረም፤ የበሽታው ጠባይም በውል አይታወቅም ነበር። ውሳኔውን ዛሬ ባለው እውቀት አትዳኙት።

የሦስት ልጆች እናት፦ መዝጋቱንስ ይሁን። የእኔ ጥያቄ ከተዘጋ በኋላ ስለሆነው ነው። ቤታችን ያለው ስልክ አንድ ነው። ትልቁ ትምህርቱን ሲከታተል ትንሿ አጠገቡ ተቀምጣ ተራ ትጠብቃለች፤ ተራዋ ሲደርስ ባትሪው ያልቃል። በቦትስዋና በየሳምንቱ ሃያ ደቂቃ ያህል እየተደወለላቸው ሂሳብ የተማሩ ልጆች ተሻሽለዋል፤ የጽሑፍ መልእክት ብቻ የደረሳቸው ግን ያን ያህል አልተለወጡም። የሰው ድምፅ ነው ልዩነቱ። እኛ ቤት ማን ደወለ?

መምህሩ፦ እህቴ፣ አልደወልንም። እውነቱን ልናገር፤ በሩ ሲከፈትም ከክፍልፋይ አልጀመርኩም። መርሐ ግብሩ ያስቸኩለኝ ስለነበር የስድስተኛ ክፍልን መጽሐፍ ከገጽ አንድ ገልጬ ቀጠልኩ።

ተጠራጣሪው፦ ታዲያ እኔስ ምን አልኩ?