ከ5 ዓመት በታች ክፍል ለሚገባ ባለሙያ የምርመራ ዕቃ ጥቆማ

ጥያቄ
ሰላም ለሁላችሁ። ከሐምሌ ጀምሮ ጤና ጣቢያ፣ ከ5 ዓመት በታች ሕፃናት የሚታከሙበት ክፍል እገባለሁ። ከኪሴ የምገዛውን ጠቁሙኝ። ስቴቶስኮፕ (የልብና የሳንባ ማዳመጫ)፣ ኦክሲሜትር (የደም ኦክስጅን መለኪያ) እና ኦቶስኮፕ (የጆሮ ማያ) አስቤያለሁ፤ ገንዘቡ ግን ለሦስቱም አይበቃም። የቱ ይቅደም?

መልስ፦ ነርስ
እህቴ፣ ከሦስቱም በፊት ታይመር። ሳል ይዞት የመጣን ልጅ የሳንባ ምች ከጉንፋን የምትለዪው በዋናነት በትንፋሽ ቆጠራ ነው። በደቂቃ ከ2 ወር በታች 60፣ ከ2 እስከ 12 ወር 50፣ ከ12 ወር እስከ 5 ዓመት 40 እና ከዚያ በላይ ከሆነ ፈጣን ይባላል። የግድግዳ ሰዓት ዓይን ይሻማል፤ ሰከንዱን ስታዪ ደረቱን ትስቻለሽ። 60ኛው ሰከንድ ላይ የሚጮህ ታይመር ዓይንሽን ደረቱ ላይ ያቆይልሻል። ስልክሽም ይበቃል፣ ጥሪ እንዳይገባ ከዘጋሽው።

30 ሰከንድ ቆጥሮ በ2 ማባዛት ግን አይሆንም። የሕፃን ትንፋሽ ወጣ ገባ ስለሚል ስህተቱም አብሮ ይባዛል። እናቱ እቅፍ ውስጥ እንዳለ ልብሱን ገልጠሽ ቁጠሪ፤ እያለቀሰ ወይም እየጠባ ከሆነ ጠብቂ። ከ2 ወር በታች ሆኖ 60 ከሞላ ደግመሽ ቁጠሪ።

መልስ፦ ጤና መኮንን
ስቴቶስኮፕ ላይ ሊትማን ክላሲክ 3 ካገኘሽ ሌላ አያስፈልግሽም። ደረት ላይ የሚያርፈው ትልቁ ገጽ 4.3፣ ትንሹ 3.3 ሳንቲ ሜትር ነው፤ ትንሹ ለሕፃን ደረት ይሆናል። 2.7 ሳንቲ ሜትር የሆነው ለጨቅላ ነው፣ ጨቅላ ክፍል ካልገባሽ ይቅር። አስመስሎ የተሠራ ገበያው ላይ ስለማይጠፋ፣ ብረቱ ላይ የተቀረጸውን መለያ ቁጥር ሳታዪ አትክፈዪ። ሁለት ዕቃ አስወጥተሽ አንድ ዓይነት ቁጥር ካየሽ ተመለሺ። ራፓፖርት የሚባለው ርካሹ ባለ ሁለት ቱቦ ስቴቶስኮፕ ለልብ አይከፋም፤ ግን ቱቦዎቹ እርስ በርስ ሲታሹ የሚሰጡት ድምፅ የሳንባን ክሬክል (የመንጣጣት ድምፅ) ይመስላል። ለሕፃን ሳንባ አልመክረውም።

ብረቱን በእጅሽ አሙቂው። ልብና ሳንባን ልጁ ሳያለቅስ ጨርሺ፣ ጉሮሮና ጆሮ መጨረሻ ይሁኑ። ከጉሮሮው ጀምረሽ ያስለቀስሽው ልጅ ሳንባው ምንም አይሰማሽም።

መልስ፦ የሕፃናት ሐኪም
ኦክሲሜትሩን ሁለተኛ አድርጊው፤ ጣት ላይ የሚቆለፈውን የአዋቂ ግን አይደለም። ሕፃን ጣት ላይ ይላላል፣ ወይ አያነብም ወይ የውሸት ቁጥር ይሰጣል። እግር ላይ የሚጠቀለል ፕሮብ (ዳሳሽ) ያለውን ፈልጊ። ቁጥሩን ከማመንሽ በፊት ማሽኑ የሚያሳየውን የልብ ምት በጆሮሽ ከቆጠርሽው ጋር አስተያዪ፤ ካልገጠመ ንባቡም አይታመንም። እግሩ ከቀዘቀዘ አሙቂ፣ ሂና ወይም ቀለም ካለበት ሌላ ጣት። አዲስ አበባን በመሰለ ከፍታ ላይ የጤነኛ ልጅ ንባብም ቆላ ካለው ጥቂት ዝቅ ሊል ይችላል፤ ከ90 በመቶ በታች ከሆነ ግን ኦክስጅን ይሰጠው።

ጥያቄ
ኦቶስኮፑስ?

መልስ፦ ጤና መኮንን
ይቆይ። ስትገዢ ብርሃኑ ወደ ሰማያዊ የሚያደላውን ተዪው፤ የጆሮ ታምቡርን መቅላት ያደበዝዛል። ከ3 ዓመት በታች ጆሮውን ወደ ታችና ወደ ኋላ፣ ከዚያ በላይ ወደ ላይና ወደ ኋላ ሳቢ። መሣሪያውን የያዘው እጅሽ ጉንጩ ላይ ይደገፍ፤ ልጁ ሲወራጭ እጅሽም አብሮ ይሄዳል።

መልስ፦ ሌላ ነርስ
ገንዘብ የማይጠይቀውን ረሳችሁት፤ ሂስትሪውን፣ የሕመሙን ታሪክ ከእናት መጠየቁን። ከእናቶች ቃል የሚያሳስቱ ሁለት አሉ። «ያስመልሰዋል» ሲባል ቅርሻት ሊሆን ይችላል፤ «የጠባው ሁሉ ይወጣል ወይስ ጥቂቱ?» በይ። «አንቀጠቀጠው» ደግሞ ብርድ ብርድ ማለትም ሊሆን ይችላል። «ዓይኑ ፈጦ ቀረ? ስትይዢው አልቆም አለ? ስትጠሪው ሰማሽ?» ብለሽ ለዪ። ጥያቄው «ትኩሳት የለውም አይደል?» ከሆነ መልሱ «የለውም» ነው።

ዕድሜም ላይ ተጠንቀቂ። ቀኑን ካላወቀች «በማን ዕለት ተወለደ?» በያት፤ ሚካኤል 12፣ ማርያም 21፣ መድኃኔዓለም 27 ነው። ሙስሊም እናት ከረመዳን ወይም ከአረፋ ጋር ታስታውሳለች። ጳጉሜን አትርሺ፤ ነሐሴ 20 የተወለደ ልጅ መስከረም 20 ላይ 35 ቀኑ ነው እንጂ 30 አይደለም። ጳጉሜ 6 ከሆነች 36። የ6 ሳምንቱ ክትባት 42ኛው ቀን ላይ ስለሆነ ይህ ልዩነት ያመጣል። እንጥል መቆረጡን፣ የወተት ጥርስ መነቀሉን፣ ቅቤ ወይም አብሽ መቅመሱን ደግሞ በቁጣ ድምፅ ከጠየቅሽ ይደበቅሻል።

መልስ፦ ነርስ
ሙዋክ (የክንድ ዙሪያ መለኪያ ጥብጣብ) አትግዢ፣ ክፍሉ ውስጥ አለ። ያረጀ ከሆነ ግን ስለሚለጠጥ በማስመሪያ አረጋግጪው። ግራ ክንድ፣ በትከሻው ጫፍና በክርኑ መካከል፤ መሃሉን ስትለዪ ክንዱ ታጥፎ፣ ስትለኪ ግን ተዘርግቶ ይንጠልጠል። ከ6 እስከ 59 ወር 11.5 ሳንቲ ሜትር ካልሞላ አጣዳፊ ከባድ የምግብ እጥረት ነው። ሙዋኩ ደህና ቢሆንም ሁለቱንም እግሮች በአውራ ጣትሽ 3 ሰከንድ ተጭነሽ እብጠት እዪ።