መንኩራኩሯ ፕሉቶ ዘንድ ለምን አልቆየችም?

ጥያቄ፦ የፊዚክስ መምህር፣ ደብረ ማርቆስ
ስለ ስበት ስናጠና ኒው ሆራይዘንስ የተባለችው መንኩራኩር በ2006 (ዓመታቱ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው) ተነሥታ፣ ዘጠኝ ዓመት ተኩል ተጉዛ ፕሉቶን አልፋ መሄዷን ለተማሪዎቼ ነገርኳቸው። አንዲት ተማሪ «ይህን ሁሉ ዘመን ደክማ ከደረሰች በኋላ ለምን ጥቂት አልቆየችም?» ብላ ጠየቀችኝ። ነዳጅ ስለሌላት ነው ብሎ ማለፍ ይቻላል፤ ጥያቄው ግን በቁጥር የተደገፈ መልስ ይገባዋል።

መልስ 1፦ ከባሕር ዳር
መምህር፣ ተማሪዎ የነገሩን እምብርት አግኝታዋለች። መንኩራኩሯ በፕሉቶ አጠገብ ስታልፍ በሰከንድ 14 ኪሎ ሜትር ገደማ ትከንፍ ነበር፤ ከፕሉቶ ገጽ ለማምለጥ ግን በሰከንድ 1.2 ኪሎ ሜትር ይበቃል፤ ስለዚህ ስበቱ እንዲህ ያለውን ተጓዥ ይዞ ማስቀረት አይችልም። አየሩም እጅግ ስስ ስለሆነ በአየር ሰበቃ ፍጥነት መቀነስ አይታሰብም። የቀረው በሮኬት መግታት ነው። ከሮኬቱ የሚወጣው ጋዝ ፍጥነት በሰከንድ 3 ኪሎ ሜትር ነው ብለን 13ቱን ኪሎ ሜትር ለመቀነስ ብናሰላ፣ የሚያስፈልገው ነዳጅ ከመንኩራኩሯ ክብደት ከ70 እጥፍ በላይ ይሆናል። ያን ያህል ተሸክማ በዚያ ፍጥነት ከመሬት መነሣት አይቻላትም፤ ቀስ ብላ ብትጓዝ ደግሞ መንገዱ አሥርተ ዓመታት ይፈጃል። ስሌቱን ተማሪዎቹ ራሳቸው በሰሌዳ ላይ ቢሠሩት እመርጣለሁ።

መልስ 2፦ ከፍኖተ ሰላም
ባትቆይም ያየችው ጥቂት አይደለም። መልእክት ከመሬት እስኪደርሳት አራት ሰዓት ተኩል ይፈጅ ስለነበር፣ ጁላይ 14 ቀን 2015 የሠራችውን ሁሉ የሠራችው አስቀድሞ በተጫነላት ትእዛዝ ነው። የሰበሰበችውንም በዝግታ ስትልክ ቆይታ የጨረሰችው በኦክቶበር 2016 ነው። እኔን እጅግ የሚደንቀኝ የናይትሮጅን በረዶው ሜዳ ነው፤ ከዜሮ በታች 230 ዲግሪ ያህል በሆነ ብርድ ውስጥ ሳለ፣ የጠፈር አለት የመታው ጠባሳ አይታይበትም፤ ይህም ገጹ ዛሬም ራሱን እያደሰ መሆኑን ያሳያል።

መልስ 3፦ ከቡሬ
ለተማሪዋ አንድ ነገር ይጨመርላት። መንኩራኩሯ ቀጥሎ ያገኘችው አሮኮት፣ 36 ኪሎ ሜትር ያህል ርዝመት ያለው አካል፣ ቅርጹ አስቀድሞ የተገመተው ከመሬት ነው። በጁላይ 2017 ተመራማሪዎች በአርጀንቲና ቴሌስኮፖች ደርድረው፣ አሮኮት አንድን ኮከብ ለቅጽበት ሲጋርድ ጊዜውን ለኩ፤ ብርሃኑ የጠፋበት ቆይታ ከቦታ ቦታ ስለሚለያይ የጥላው መልክ ተገኘ። ነፋሱ ቴሌስኮፖቹን እንዳያናውጥ የጭነት መኪናዎች ከለላ ሆነውላቸው ነበር። ጃንዋሪ 1 ቀን 2019 መንኩራኩሯ ስትደርስ፣ ሁለት አካላት የተጣበቁበት መሆኑ በፎቶግራፍ ታየ። እንዲህ ያለው ጥላ በጎጃም ላይ የሚያልፍበት ሌሊት ቢገጥም፣ ከክረምት በኋላ ሰማዩ ሲጠራ፣ አንድ መጠነኛ ቴሌስኮፕና ትክክለኛ ሰዓት ያለው ትምህርት ቤትም ሊለካው ይችላል።