ለገበጣው ናሙና የመልእክት መለዋወጫ ሶፍትዌር ስለመምረጥ፦ የጋራ ረቂቅ ዝግጅት

ሰብሳቢው፦ ለጠቅላላ ጉባኤው የምናቀርበው ረቂቅ የሚመልሰው አንድ ጥያቄ ነው፤ በኢንተርኔት ለምንሠራው የገበጣ ጨዋታ ናሙና፣ ተጫዋቾች የሚጻጻፉበትን ሶፍትዌር ከየት እንውሰድ? የተያዘው 18,000 ብር ነው። አምና በሰርቨሩ የደረሰብን እንዳይደገም፣ ሁላችሁም ምክንያታችሁን ጨምራችሁ ጻፉ።

የሰርቨር ክፍል፦ ያሉን የመጻጻፊያ ሥርዓቶች ሦስት ናቸው፤ አይ አር ሲ፣ ማትሪክስና ኤክስ ኤም ፒ ፒ። አይ አር ሲ በአውሮፓ አቆጣጠር ከ1988 ጀምሮ የኖረ ቀላል ሥርዓት ነው፤ ሆኖም አንድ መልእክት ከነትእዛዙ ከ512 ባይት አይበልጥም፣ ፊደል ወደ ባይት በሚለወጥበት በዩ ቲ ኤፍ 8 አንድ የግዕዝ ፊደል ሦስት ባይት ስለሚወስድም የሚቀረን ከ170 ፊደል ያነሰ ነው፤ በቁቤ የሚጽፈው ልጅ ግን ሦስት እጥፍ ያህል ቦታ ያገኛል። ማትሪክስ የመልእክቱን ታሪክ በደንብ ይጠብቃል፤ ሲናፕስ የተባለው ሰርቨሩ ግን ብዙ ሜሞሪ ይበላል። እኔ የምመርጠው ኤክስ ኤም ፒ ፒን ነው። ፕሮሶዲ የተባለው ሰርቨሩ በትንሽ ማሽን ላይ ይሠራል፤ መስመር ተቋርጦ ሲመለስም ያልደረሰው መልእክት ሳይጠፋ ግንኙነቱ ካቆመበት የሚቀጥልበት፣ በቁጥር 0198 የተመዘገበ ማስፋፊያ አለው። መብራት መቼ እንደሚሄድ ለማናውቅ ለእኛ ይህ ትልቅ ነገር ነው። ሙከራውን እስከ ቅዳሜ አዘጋጃለሁ።

ገንዘብ ያዡ፦ ዲስኮርድ የተባለው መጻጻፊያ በነፃ እያለ ለሰርቨር ኪራይ የሚወጣው ገንዘብ አይገባኝም።

ጸሐፊዋ፦ ዲስኮርድ ከ13 ዓመት በታች የሆነ ተጠቃሚ አይፈቅድም፤ ናሙናውን የምናሳየው ለአምስተኛ ክፍል ተማሪዎች መሆኑን ደግሞ በቃለ ጉባኤው የፈረሙት እርስዎ ራስዎ ነዎት።

የሥዕል ክፍል፦ ሶፍትዌሩ የፈለጋችሁት ይሁን፤ መጻጻፊያውን የሚከፍተው ቁልፍ ላይ «ቻት» ተብሎ መጻፉን ግን አልቀበልም። ጅማ ተቀምጠን ለልጆች በሠራነው ጨዋታ፣ ልጁ ከጓዳ «ቻት ልክፈት» ሲል እናቱ የምትሰማው «ጫት» ነው።

ገንዘብ ያዡ፦ «ቻ» እና «ጫ» ተምታተውባት የምትደነግጥ እናት እስካሁን አላጋጠመችኝም።

የትርጉም ክፍል፦ «ጨዋታ» ማለት እንችላለን። በአማርኛችን ሰው ተቀምጦ ሲያወጋ ተጫወተ ነው የሚባለው።

ጸሐፊዋ፦ ከጎኑ «ጨዋታ ጀምር» የሚል ቁልፍ ስላለ ልጁ የትኛውን እንደሚነካ አያውቅም። «ወሬ» ብንል ደግሞ መምህራኑ ገና ሲያዩት ፊታቸውን ያዞራሉ።

የትርጉም ክፍል፦ እንግዲያው «ቡና» ይሁን። ሰው የሚያወጋው ቡና ላይ ነው፤ ቃሉም በአፋን ኦሮሞ ያው ቡና ስለሆነ ለሁለቱም ቋንቋ አንድ ቁልፍ ይበቃናል።

የሥዕል ክፍል፦ ጅማ በተነሣች ቁጥር ጀበና መሣል ሰልችቶኛል። የአምስተኛ ክፍል ልጅስ ቡና ላይ ምን ያደርጋል?

ገንዘብ ያዡ፦ አምና በአርማው ቀለም ሦስት ሳምንት ያስፈጀን ሰው፣ ዘንድሮ በአንድ ቃል ወር ሊያስፈጀን ተነሥቷል።

የሥዕል ክፍል፦ ያንን አርማ ያለ አንድ ብር ክፍያ መሥራቴ ተረስቷል ማለት ነው። ሥዕሉን የሚሠራላችሁ ሌላ ሰው ፈልጉ።

ሰብሳቢው፦ ሁለታችሁም ወደ ጉዳዩ ተመለሱ። ቅዳሜ አልፏል፤ የሙከራው ነገር ከምን ደረሰ?

ጸሐፊዋ፦ የሰርቨር ክፍል ስልክም አያነሣም።

የሥዕል ክፍል፦ ትናንት በንዴት የጻፍሁትን አንሥቻለሁ፤ ሥዕሉን እቀጥላለሁ። በ«ቻት» ላይ ያለኝ ተቃውሞ ግን እንዳለ ነው።

የትርጉም ክፍል፦ ቃሉን ስናሳድድ የዘነጋነው ነገር አለ። ልጆቹ ቢሰዳደቡ በሁለት ቋንቋ እያነበበ የሚቆጣጠር ማን ነው? እኔ ሌሊት ተቀምጬ ስድብ አላነብም። ነፃ ጽሑፉ ይቅርና «ተራህ ነው»፣ «ጠጠሩን ቁጠር»፣ «ድገመኝ» የሚሉ ጥቂት ዝግጁ አባባሎችን እንስጣቸው። ለዚያ ከጨዋታው የራሱ ሰርቨር ሌላ ምንም አያስፈልግም።

ገንዘብ ያዡ፦ ይህ በመጨረሻ የተነገረ ቁም ነገር ነው። የሰርቨሩ ኪራይ ተርፎ አባባሎቹን በድምፅ ለማስቀረጽ ይውላል።

የሥዕል ክፍል፦ በድምፅ ከሆነ አንባቢው የጅማ ሰው ይሁን፤ ከሌላ ቦታ የመጣ ድምፅ አንፈልግም።

ጸሐፊዋ፦ ረቂቁን በዚሁ መልክ ጽፌ አስገብቻለሁ፤ 18,000 ብሩ ለድምፅ ቀረጻ፣ ለሁለት አንባቢዎችና ለስቱዲዮ ሰዓት ተመድቧል። ርእሱ እስካሁን «የመልእክት መለዋወጫ ሶፍትዌር» እንዳለ ነው፤ የቁልፉ ስም የሚገባበትን ቦታም ባዶ ትቼዋለሁ።

ሰብሳቢው፦ ርእሱን ጉባኤው ያርመው። ይልቅ የአምናው ሰርቨር ኪራይ ዛሬም እየተቆረጠ መሆኑን አሁን አየሁ፤ የይለፍ ቃሉ ከሰርቨር ክፍል ሌላ በማን እጅ አለ?