ሲቪል ምህንድስና 5ኛ ዓመት ነኝ፤ ቀጣሪ ምን ይጠይቀኛል?

ተመራቂዋ፦
ሰላም ለሁላችሁ። የመውጫ ፈተናው ብዙም አያስጨንቀኝም፤ ከዚያ በኋላ ያለው ነው የከበደኝ። ቢምና ኮለን (አግዳሚና ቋሚ ተሸካሚ) በኢኤስ ኢኤን 2015፣ ማለትም በኢትዮጵያ የሕንፃ ዲዛይን ኮድ፣ በእጄ ዲዛይን አደርጋለሁ፤ ኢታብስ የሚባለውን የስትራክቸር ሶፍትዌር ከዩቲዩብ ለምጃለሁ። ለኢንተርንሺፕ የተመደብኩበት ሳይት ግን ስትራክቸሩ አልቆ ልስን ላይ ነበር፤ ልስን እያየሁ ጊዜው አለቀ። «0 ዓመት ልምድ» የሚል ማስታወቂያ ባገኝ ምን ይጠይቁኛል? ሬቪት (የሕንፃ ሞዴል ሶፍትዌር) ልማር ወይስ ፕሪማቬራ (የፕሮጀክት ዕቅድ ሶፍትዌር)?

ኦፊስ ኢንጂነሩ፦
እህቴ፣ ሶፍትዌሩን ለጊዜው ተይው። እኔ ተቋራጭ ቤት ነው የምሠራው፤ ዲዛይኑ አልቆ ነው የሚደርሰን። አዲስ ተመራቂ ሲመጣ የአንድ ቢም ድሮይንግና ባዶ ቴክኦፍ ሺት (ከድሮይንግ ላይ መጠን የሚወጣበት ቅጽ) እሰጠዋለሁ፤ «ፌሮውን በኪሎ አውጣልኝ» ነው ጥያቄዬ። አንዳንዱ የዲዛይን ጥያቄ መስሎት ሞመንት ሊያሰላ ይነሳል! ዲያሜትሩን በሚሊሜትር ወስደሽ በራሱ አባዢውና ለ162 አካፍይ፤ የሜትሩ ኪሎ ይመጣልሻል። ባለ 12ቱ 0.888 ገደማ ነው። ይሄ ቀላሉ ነው። ብዙዎች የሚወድቁት ፌሮ ከገበያ በ12 ሜትር እንደሚመጣ ረስተው 13.40 ሜትር ባር ያለ ኦቨርላፕ (ሁለት ፌሮ ሲቀጠል የሚደራረበው ርዝመት) ሲጽፉ ነው። ግዢው የሚታዘዘው በዚያ ሺት ስለሆነ፣ ሶሌታው ሳይታሰር ፌሮ አለቀ ይባላል።

ልስኑንም አትናቂው። በካሬ ይለካል፣ የበርና የመስኮት ክፍት ይቀነሳል፣ ከቢኦኪው (ከውሉ የሥራ መጠንና ዋጋ ዝርዝር) ጋር ይመሳከራል፤ የተቋራጭ ክፍያ የሚጠየቀው በዚሁ ነው። የዚያ ሳይት ድሮይንግ እጅሽ ላይ ካለ ከፉቲንጉ (ከመሠረቱ) ጀምረሽ ባር ስኬጁሉን፣ ማለትም የፌሮ ዝርዝሩን፣ በኤክሴል ሥሪው። ለቃለ መጠይቅም ይዘሽው ሂጂ፤ እኔ ብሆን ከሰርተፊኬት በፊት እሱን ነው የማየው።

ሳይት ያደግኩ፦
ኦፊሱ ልክ ነው፤ ሳይት ከተመደብሽ ግን ሌላም አለ። ፌራዮው (ፌሮ አሳሪው) «ስታፋው በስንት ይታሰር?» ሲልሽ፣ ማለትም ዋናዎቹን ፌሮዎች ዙሪያቸውን የሚያስረው ፌሮ በስንት ርቀት ይሁን ሲልሽ፣ በግምት አትመልሺ፤ ድሮይንጉን ዘርግተሽ አብራችሁ እዩ። በሙሌት ቀን ደግሞ ሠራተኞቹ ኮንክሪቱ እንዲላላላቸው ውሃ ይጨምራሉ፤ አስቁሚ። ፎርማኑ ያኮርፍ ይሆናል፣ እስከ ምሳ ነው።

ተመራቂዋ፦
አመሰግናለሁ፣ ዛሬ ማታ እጀምራለሁ። የስታፋ ርዝመት ሳወጣ ሁኩ (ጫፉ ላይ የሚታጠፈው) ይደመራል?

ኦፊስ ኢንጂነሩ፦
ይደመራል። መጀመሪያ ከአራቱም ጎን ከቨሩን (ፌሮውን የሚሸፍነውን የኮንክሪት ውፍረት) ቀንሺ፣ ከዚያ ዙሪያውን አውጥተሽ ሁለቱን ሁክ ጨምሪ። ስትጨርሺ እዚሁ ለጥፊው፣ አየዋለሁ።