ኢንተርፌሮንን በአማርኛ ምን እንበለው?

ጠያቂ (ከደብረ ማርቆስ)፦ የባዮሎጂ መምህር ነኝ። ኢንተርፌሮን፣ ያ ሰውነታችን የሚያመነጨው የመከላከያ ፕሮቲን፣ አንድ ጽሑፍ ላይ «ጣልቃ ገብ» ተብሎ አገኘሁት። ክፍል ውስጥ ስለው ተማሪዎቹ ሳቁ። «ቲቸር፣ ሰው ትዳር ውስጥ እንደሚገባው?» አለኝ አንዱ። የተሻለ ቃል ያላችሁ?

ከሞጣ፦ ልጁ እውነቱን ነው፤ ጣልቃ ገብ ስድብ ነው። ስሙን ያወጡት ግን እንዲያው አላወጡትም። እ.ኤ.አ. በ1957 አይዛክስና ሊንደንማን የተባሉ ተመራማሪዎች ለንደን ውስጥ በሙቀት አቅሙን ያጣ የኢንፍሉዌንዛ ቫይረስ ከዶሮ ሽል ሽፋን ጋር አገናኙ። ሽፋኑ ሌላ ቫይረስ እንዳይራባ የሚያደናቅፍ ነገር አመነጨ። ስሙም ከዚሁ መጣ።

እኔ ሥራውን ሳየው ትዝ የሚለኝ እሪታ ነው። እኛ አገር ሌሊት በረት ሲሰበር ባለቤቱ «ኧረ የሰው ያለህ!» ይላል። የእሱ ከብት ይነዳ ይሆናል። ጎረቤቱ ግን በሩን ቀርቅሮ ዱላውን ያነሳል። ቫይረስ የገባበት ሕዋስም ኢንተርፌሮን ይለቃል፣ ጎረቤት ሕዋስ ላዩ ላይ ባለው መቀበያ ይሰማል። በመቶዎች የሚቆጠሩ ጂኖች ይነቃሉ። ቫይረሱ ቢገባ እንኳ ፕሮቲን የሚያበስልበት ምድጃ ይጠፋበታል። ሕዋሱ ጓዳው ያለውንም ፕሮቲን ቁራጭ ቁራጩን ደጅ አውጥቶ ያሳያል፤ ገዳይ ቲ ሴሎች፣ ማለት ቫይረስ የገባበትን ሕዋስ የሚገድሉ ነጭ የደም ሕዋሳት፣ አይተው እንዲለዩ። ሰው ሲታማ ለእኔ ብለህ ስማ ማለት ይሄ አይደል?

ከቢቸና፦ እሪታው አልፋና ቤታ ለሚባሉት የኢንተርፌሮን ዓይነቶች ይሁን። ጋማ የሚባለው ግን ከተዘረፈው ቤት አይወጣም። የሚያወጡት ተከላካዮቹ ራሳቸው ናቸው፤ በተለይ ቲ ሴሎች። የሳንባ ነቀርሳ ባክቴሪያ ውጦ መግደል ያቃተውን ማክሮፌጅ የተባለ ነጭ የደም ሕዋስ «በርታ!» የሚለው እሱ ነው። ይሄ ሽለላ እንጂ እሪታ አይባልም።

ጠያቂ፦ ሽለላ! ወደድኩት። ጉንፋን ሲይዘን የሚቆረጥመንስ?

ከሞጣ፦ ከፊሉ የእሪታው ነው። ለሄፓታይተስ ሲ ኢንተርፌሮን በመርፌ ይሰጥ በነበረ ጊዜ፣ ታካሚዎቹ ጉንፋን ሳይዛቸው ብርድ ብርድ ይላቸው ነበር። አያቴ ግን ሁሉንም ምች ብለው በዳማ ከሴ ነበር የሚያሹን።

ጠያቂ፦ እሺ፣ ነገ እሪታና ሽለላ ብዬ አስተምራለሁ። ፈተና ላይ ግን «ኢንተርፌሮን» ብላችሁ ጻፉ ነው የምላቸው። አራሚው የጎጃም ሰው ላይሆን ይችላል።